ማጫወቻዬን ልለውጥ?

ባለፈው ዓመት ለሦስት ሳምንታት ያህል እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ለሰው ሲነግሩት የሚያሳፍር ነው። ስንቱ ለዕለት ጉርሱ ሲባዝን እኔ ግን «የሲዲ ማጫወቻዬን ልለውጥ ወይስ ይቅርብኝ?» እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አነጋ ነበር። ይህን ስጽፍም እፍረቱ ፈጽሞ አለቀቀኝም። ሆኖም ጉዳዩ ዕቃ ከመግዛትና ካለመግዛት ያለፈ ነገር በውስጡ እንደ ነበረው ዘግይቶ ገብቶኛልና፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያቸው አጠገብ የሙዚቃ መደርደሪያ ላቆሙ አንባብያን ላጫውታችሁ ወደድኩ።

ማጫወቻዬ አሥራ ሰባት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ሲገዛ ውድ ነበር፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ እንደ ሣጥን መጽሐፍ ቅዱስ ግርማ ያለው ዕቃ ነው። በቅርቡ ግን እርጅና ተጫጫነው። ዲስኩን ከዋጠ በኋላ እንደ አዛውንት ጉሮሮውን ሲጠራርግ ይቆያል፤ አንዳንዴም ዲስኩ አፉ ውስጥ እያለ «ዲስክ የለም» የሚል መልስ በመስኮቱ ላይ ይጽፍልኛል። በምኖርበት በሜሪላንድ የድምፅ መሣሪያዎች ወደሚሸጥበት አንድ መደብር ጎራ ብዬ ችግሬን ባዋየው፣ ሻጩ ትሑት ሰው ነበርና ምንም ሳይጫነኝ ስድስት ሺህ ዶላር የሚያወጣ አዲስ ማጫወቻ በካርቶኑ አሸክሞ ላከኝ። «ሁለት ሳምንት ቤትህ አዳምጠው፤ ካልወደድከው መልሰው» አለኝ። የነጋዴ ብልሃት ነው። ዕንግዳ ሁለት ሳምንት ከሰነበተ ቤተሰብ ይሆናልና።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ማዳመጥ ሳይሆን ማንበብ ነበር፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አመል አይለቅም። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች የሚጻፉ ሂሶች ራሳቸውን የቻሉ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሆነዋል። አንዱ «መጋረጃው ተገለጠ» ይላል፤ ሌላው ስለ ድምፁ «ሙቀት» ያወራል፤ ሦስተኛው በመሣሪያዎቹ መካከል «አየር» እንዳለ ይመሰክራል። የወይን ጠጅ ቀማሾች እንኳ እንዲህ በቅጽል አይሰክሩም። ቅጽል በበዛበት ስፍራ ስም እንደሚጎድል ግጥም ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ ቅጽሉ ሠራብኝ፤ አዲሱን ማጫወቻ ገና ስከፍተው ያ መጋረጃ ሲገለጥ በጆሮዬ የሰማሁ መሰለኝ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ገበያ ላይ ሲውል ይዞት የመጣው ቃል ኪዳን ቀላል ነበር። ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከፍተኛ ድምፅ በሰከንድ 20,000 ያህል ንዝረት ነው፤ አንድን ንዝረት ሳያዛቡ ለመመዝገብ ደግሞ ከእጥፉ በላይ መለካት ያስፈልጋል። ዲስኩ ላይ ልኮቹ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ሆነው ከመሐል ወደ ዳር ይጠመጠማሉ፤ ለዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር እየተከተለ ያነባቸዋል። ዲስኩ መሐሉ ሲነበብ በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ ወደ ዳር ሲደርስ ወደ 200 ይቀዘቅዛል። ጭረት ቢያገኘው እንኳ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል የተበላሸ መስመር ከሌላ ስፍራ በተቀመጠ መረጃ አስልቶ ምንም ሳይጎድል የሚተካበት ሥርዓት አለው። ለዚህ ሥርዓት ያለኝ አድናቆት ለአንዳንድ ልብ ወለዶች ካለኝ ይበልጣል።

እንግዲህ ርካሹም ውዱም ማጫወቻ የሚያነበው ያንኑ ቁጥር ነው። የሚለያዩት ቁጥሩን መልሰው ወደ ድምፅ ሞገድ በሚለውጡበት ክፍል፣ በኃይል አቅርቦታቸውና በሜካኒካቸው ጥራት ነው። ይህ ልዩነት በመለኪያ ይታያል፤ ጥያቄው በጆሮ ይሰማል ወይ ነው። በተጨማሪም አዲሱ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1999 ሶኒና ፊሊፕስ ያወጡትን ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ የተባለውን ዲስክ ያጫውታል፤ እሱ ድምፁን በሰከንድ 2,822,400 ጊዜ የሚመዘግብ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ልክ አንድ ቢት ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ሰውን ማታለል ነው።

ስለዚሁ ስለ ጥራቱ ደረጃ ሁለት ጥናቶች አሉ፤ ስለ ማጫወቻዎቹ ሳይሆን ስለ አመዘጋገቡ ዓይነት ቢሆኑም ለጉዳዬ ቅርብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ሙከራ አድማጮችን ከፍተኛ ጥራት ያለውን ድምፅና ያንኑ ድምፅ በሲዲ ልክ ተጠምቆ ሲወጣ ለይተው እንዲያውቁ ይጠይቃል። ከ554 ሙከራዎች የተሳኩት 276 ነበሩ፤ ሳንቲም እየወረወሩ ቢመልሱም የሚገኘው ይኸው ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን ክዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጆሹዋ ሪስ አሥራ ስምንት ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ አድማጮች ከመቶ 52.3 ጊዜ ለይተው እንዳወቁ፣ ሥልጠና ባገኙት ዘንድም ልዩነቱ እንደሚሰፋ አገኘ። ሁለቱንም ካነበብኩ በኋላ የደረስኩበት ፍርድ ልዩነቱ ቢኖር እንኳ ፀጉር ያህል ነው የሚል ሆነ፤ «መጋረጃ ተገለጠ» የሚያሰኝ አይደለም።

ጥናት ግን የሌላ ሰው ጆሮ ነው። የራሴን ልፈትን አልኩና ልጄን ከመሣሪያዎቹ ኋላ አስቀምጬ፣ በላያቸው አንሶላ ጋርጄ፣ ሁለቱን ማጫወቻዎች እያለዋወጠች አንድ ዓይነት ዲስክ እንድታሰማኝ አደረግሁ። በመጀመሪያው ምሽት አዲሱን ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ለየሁት። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ስድስቱን ሺህ ዶላር በልቤ ከፍዬ ጨርሼ ነበር። በማግስቱ ግን አዲሱ ማጫወቻ ከአሮጌው ጥቂት ከፍ አድርጎ እንደሚጮህ በመለኪያ አረጋገጥሁ። ጆሮአችን ጮክ ማለትንና መልካም መሆንን የሚለይበት አቅም ደካማ ነው፤ ሁለቱ ድምፆች እኩል ካልተስተካከሉ በጥቂቱ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የጠራ፣ የሰፋ፣ ሕይወት ያለው ይመስለናል። (በፖለቲካችንም እንዲሁ ነው፤ ወደዚያ ግን አልገባም።) ልኩን አስተካክዬ ሙከራውን ስደግመው ከሃያ አሥራ አንዱን መለስኩ። ልጄ ወረቀቷን አጣጥፋ «አባዬ፣ እንተኛ» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ዓይኔን ከማጫወቻው አንስቼ ወደ ዲስኮቹ ያዞርሁት። ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ሲዲዎች አሉኝ። ከእነዚህ ሱፐር ኦዲዮ የሆኑት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም የአውሮፓ ክላሲካል ናቸው፤ አንዱን ከገዛሁት ወዲህ ሁለት ጊዜ እንኳ አላዳመጥኩትም። የቀሩት ደግሞ አብዛኞቹ የእኛው አገር ሙዚቃ ናቸው። የሸክላ ማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር በተሰጠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ እሸቴ ደፍሮ ከጀመራቸው ባለ 45 ሸክላዎች አንሥቶ ያ ዘመን የወለደው ዜማ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰባሳቢነት በፓሪስ በ«ኢትዮፒክስ» ስም በሲዲ ታትሟል። የሙላቱ አስታጥቄ አራተኛው ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሃያ አንደኛው ጥራዝ በ2006 ወጡ። ከእነዚያ ቀጥሎ ያለው መደርደሪያዬ ከካሴት የተገለበጡ ዲስኮች ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ሲያፍነው ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ፤ ካሴቱ ከካሴት፣ ያም ከሌላ ካሴት እየተቀዳ ከሱቅ ሱቅ ዞረ።

የብራና መጻሕፍትን የሚያውቁ ይህን ታሪክ ሳልጨርሰው ያውቁታል። ቁም ጸሐፊ ሲገለብጥ ዓይኑ ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ተመሳሳይ ቃል ዘልሎ መስመር ቢጥል፣ ከእሱ የሚገለብጠውም ጉድለቱን አብሮ ይገለብጣል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው አንባቢ የፈለገውን ያህል የጠራ መነጽር ቢያጠልቅ የተዘለለው መስመር አይነበብለትም። መነጽሩ አጥርቶ የሚያሳየው የቀለሙን መደብዘዝና የብራናውን ቀዳዳ ነው። የእማሆይን ፒያኖ በአዲሱ ማጫወቻ ስሰማ የሆነብኝ ይኸው ነው። ፒያኖው ያው ነበር፤ ከፒያኖው ኋላ ያለው የአሮጌ ቅጂ ሹክሹክታም ያው ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም አርፈዋል፤ ያን ቅጂ በተሻለ መሣሪያ ዳግመኛ የሚጫወትልን የለም።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም አለኝ። ሰው ከሬዲዮ በካሴት ቀድቶ፣ ሌላው ከካሴቱ ገልብጦ፣ ሦስተኛው ወደ ሲዲ አሻግሮ እጄ የገባ ነው። ድምፁ አንዳንዴ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሰው በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪውንም፣ ባላገሩንም፣ ወጣቷንም ሲሆን የትኛውን የድምፅ ድግግሞሽ እንዳጣሁ ጠይቄ አላውቅም። በስድስቱ ሺህ ዶላር ማጫወቻ አንድ ምዕራፍ አዳመጥኩ፤ ከጉድጓዱ አልወጣም።

ለአዲሱ ማጫወቻ የሚቀርቡ ሁለት እውነተኛ ክርክሮች እንዳሉ ግን አልክድም። የመጀመሪያው የዕድሜ ነው። ይህ ዕቃ እየጠፋ የሚሄድ ዕቃ ነው፤ በብዙዎች ዘንድ ተወዳጅ የነበረው ኦፖ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 ማጫወቻ መሥራቱን እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ለአሮጌዎቹ የሚሆኑ የሌዘር ክፍሎችም ዓመት በዓመት እየተወደዱ ነው። «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኝም» የሚለው ድምፅ ሌሊት ሌሊት ይጮህብኝ የነበረው ከዚህ ነው። መልሱን ያገኘሁት ዲስኮቼን በትዕግሥት ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ ነው፤ ቁጥሩ አንዲት ሳትጎድል ይሻገራል፤ ዲስኩ ቢሰበርም ማጫወቻው ቢሞትም ሙዚቃው ይተርፋል። ሁለተኛው ክርክር የውበት ነው። አዲሱ ማጫወቻ መሳቢያው ሲከፈት ድምፅ አያሰማም፤ እንደ ሐር ይንሸራተታል። በደንብ የተሠራ ዕቃ ሰውን ያስደስታል፤ በጥሩ ቆዳ የተደጎሰ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ጽሑፉ ስለሚለወጥ ብሎ አይደለም። አቅሙ ኖሮት ለዚህ ደስታ ብቻ የሚገዛውን አልነቅፍም፤ ደስታውን «ጆሮዬ ለየው» እያለ ባያስመሰክርበት ግን እወዳለሁ።

ሁለቱ ሳምንታት ሊያልቁ አራት ቀን ሲቀሩ አሮጌውን ማጫወቻ ተሸክሜ አንድ አዛውንት ኢትዮጵያዊ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ፒያሳ ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ክዳኑን ነቅለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትንሽ ካዩት በኋላ «ዓይኑ ደክሟል» አሉኝ። የሌዘሩን ክፍል ማለታቸው ነበር። ለዕቃውና ለእጃቸው አንድ መቶ አርባ ዶላር ከፈልኩ። ማጫወቻው ያን ቀን ዲስክ ሲሰጡት ጉሮሮውን ሳይጠርግ አነበበ። ልወጣ ስል ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ሌላ የታመመ የለህም?» ብለው ጠየቁኝ።

ነበረኝ። በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ አሥራ አንድ ካሴቶች ነበሩኝ። ከአገር ከወጣሁ በኋላ በ1980ዎቹ ዓመታት እናቴ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር በደብዳቤ ፋንታ ድምፅዋን ቀድታ ትልክልኝ ነበር። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ካርቶን አለን ብዬ እገምታለሁ። እሷ ከሞተች በኋላ ሁለት ጊዜ ሞክሬአቸው ነበር፤ ድምፅዋ ከትራስ ስር የሚወጣ ያህል ታፍኖ ስለነበር ቴፑ አርጅቷል፣ አለቀ ብዬ ዘጋኋቸው። ለሲንባል ጥራት ስድስት ሺህ ዶላር ሳሰላ የሰነበትኩበት ክፍልና ይህ ካርቶን ያለበት ክፍል አንድ ናቸው።

ጋሼ አንዱን ካሴት በአሮጌ ዴክ ላይ አስገብተው ጥቂት አዳመጡና «ቴፑ አልሞተም፤ ሄዱ ተጣሞ ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የካሴት ቴፕ ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሰከንድም አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ነው የሚጓዘው። በዚያች ጠባብ ጥብጣብ ላይ የተቀዳው ድምፅ በትክክል የሚነበበው የማጫወቻው ሄድ መጀመሪያ ከቀዳው ሄድ ጋር በአንድ ማዕዘን ሲቆም ነው። ጥቂት ካዘነበለ ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፀ። የእናቴ ቴፕ የተቀዳው ምናልባት ከጎረቤት በተዋሰችው፣ ሄዱ በተጣመመ ቴፕ ነበር። እኔ ደግሞ በቀና ቴፕ ስሞክረው ኖርኩ። ጋሼ ቀጭን መፍቻ አነሡ፤ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር ያህል አዞሩ፤ ትንሽ መለሱ።

በዕድሜዬ ከሰማሁት የድምፅ መሻሻል ሁሉ ትልቁ ይኸ ነው፤ ዋጋውም አልተነገረኝም። «…ላም ነህ ወይ» ይል የነበረው «ሰላም ነህ ወይ» አለ። ከድምፅዋ ኋላ ያለውን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቴፕ ሹክሹክታ ነው ስለው የኖርኩትን ነገር ጋሼ ቀድመውኝ ለዩት፤ «ቆርቆሮ ላይ ነው ያለችው፤ ክረምት ነው» አሉ። ዝናብ ነበር። እናቴ ስለ እህቴ ሠርግ መናገር ጀምራ አቋረጠችና ከቴፑ ፊቷን መልሳ «አንቺ፣ ያን ጀበና አውጪው፣ ገነፈለ እኮ!» ስትል ተሰማ። እኔና ጋሼ ተያየንና ሳቅን። ከዚያ እሳቸው ሌላ ሥራ ያለባቸው መስለው ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግስቱ አዲሱን ማጫወቻ በካርቶኑ አሽጌ መለስኩት። ሻጩ «አልወደድከውም?» አለኝ። ወድጄዋለሁ አልኩት፤ እውነቴን ነው። ለማጫወቻው ካሰብኩት ገንዘብ ላይ አራት መቶ ያህሉን አንሥቼ የታደሰ የካሴት ዴክና የድምፅ መገልበጫ ገዛሁ። አሁን ከአሥራ አንዱ ካሴቶች ሰባቱን ገልብጫለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው ብሎኗን እንደገና ማስተካከል ስለሚያስፈልግ በቅዳሜ አንድ ብቻ ነው የምሠራው። አራት ቀርተዋል። አንደኛው ተበጥሷል፤ ጋሼ ዘንድ ነው።